የተዘጋውን የልብ ደም ሥር ስለ መክፈት

በዚህ ሳምንት መልስ የምንሰጥበት ደብዳቤ ከአንዲት ወይዘሮ የመጣ ነው። ስማቸውና የሚኖሩበት ከተማ እንዳይገለጥ ለምነውናልና አንገልጠውም። ባለቤታቸው በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። አንድ ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደረታቸውን እንደ ድንጋይ የከበደ ነገር ተጫናቸው፤ ላብም አጠመቃቸው። ወይዘሮዋ «ሐኪም ቤት ልውሰድዎ» ቢሏቸው፥ «ማታ የበላሁት ነው፤ በዚህ ሌሊት ሰው አታስቸግሪ፤ ሲነጋ እናያለን» ብለው መለሱላቸው። ፌጦ ተወቅጦ ቀረበላቸው፤ ጥቂትም ቀለል ያላቸው መሰለ። ሲነጋ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በቤቱ ነበረና፥ እንግዳው ሳይሸኝ መውጣት ነውር ነው ተባለ። ሐኪም ቤት የደረሱት ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ሐኪሙም መርምሮ ሲያበቃ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

ባለቤታቸው ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን የቤታቸውን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸው እያጠረ መሐል ላይ ይቆማሉ። ወይዘሮዋ የጠየቁን ሦስት ነገር ነው። ቀድመን ደርሰን ቢሆን ምን ይደረግልን ነበር? የተዘጋውን ዛሬ ማስከፈት አይቻልምን? ባለቤቴስ ወደ ሥራቸው መመለስ ይችላሉን? ከሦስቱ ጥያቄዎች በታች ደግሞ ጥያቄ ያልሆነ አንድ መስመር ጽፈዋል፤ «እኔ አጥብቄ ብናገር ኖሮ» ይላል። ይህን ደብዳቤ ከሌሎቹ ያስቀደምነው ስለዚህች መስመር ነው።

እኛ ጸሐፊዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ የምንናገረውም ዕውቀቱ ባላቸው ሰዎች ተጽፎ የታተመውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም የሚያድል ጡንቻ ሲሆን፥ በአንድ ቀንና ሌሊት 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ይሁን እንጂ የግምጃ ቤት ሹም በእጁ ከሚያልፈው ገንዘብ ቀንሶ እንደማይወስድና ደመወዙ በሌላ መዝገብ እንደሚመጣለት፥ ልብም በጓዳዎቹ ከሚያልፈው ደም የሚበቃውን ምግብ አያገኝም። የእርሱ ድርሻ የሚመጣለት፥ ከትልቁ ደም ቅዳ ሥር ተለይተው በላዩ ላይ በሚጋደሙት ሁለት ደም ቅዳዎችና በቅርንጫፎቻቸው ነው። ስፋታቸው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በብዙ ዓመት ውስጥ በእነዚህ ደም ሥሮች ግድግዳ ስብ ይጠራቀማል። አንድ ቀን በስቡ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል፤ ደምም ቁስል የተከፈተ መስሎት ሊደፍነው በዚያ ይረጋል። ጣታችንን ቢላ በቈረጠን ጊዜ የሚያድነን ይኸው መርጋት፥ በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ሲሆን መተላለፊያውን ይዘጋዋል።

ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ደም ሥሮቹ በልብ ውጫዊ ገጽ ላይ ሆነው ቅርንጫፎቻቸውን ወደ ውስጥ ይሰዳሉ፤ ስለዚህ የውስጠኛው የልብ ሥጋ በቦይ መጨረሻ እንዳለ ማሳ ነው። ውሃው በተቋረጠ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠወልገው እርሱ ነው፤ ከዚያም ሞቱ ቀስ በቀስ ወደ ውጭው ይሄዳል። ሬይመርና ጄኒንግስ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1977 ይህን በውሾች ልብ ላይ ለክተው አሳይተዋል። የታሰረው ደም ሥር በ40 ደቂቃ ሲፈታ፥ ደም ከተቋረጠበት ሥጋ ከመቶው 38 ያህል ሞቶ ተገኘ፤ በ3 ሰዓት ሲፈታ 57፥ በ6 ሰዓት ሲፈታ 71፥ ሳይፈታ ሲቀር 85 ሆነ። የሰው ልብ ከውሻ ልብ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም፤ ከሰውም ሰው ይለያል። ነገር ግን ሞቱ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ሳይሆን በሰዓት የሚራመድ መሆኑ ከዚያ ወዲህ አላጠራጠረም። የሞተውም የልብ ሥጋ በጠባሳ ይተካል እንጂ ተመልሶ አይበቅልም። የወይዘሮዋ ባለቤት በደረጃው መሐል የሚቆሙት ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን አንድ ታሪክ እናምጣ። በ1954 ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር፥ በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በዴንቨር ከተማ ዕረፍት ላይ ነበሩ። በ23ኛው ቀን ጎልፍ ሲጫወቱ ውለው፥ በምሳቸውም የተፈጨ ሥጋ በጥሬ ሽንኩርት በልተው፥ ሆዳቸውን ቅር አላቸው። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ደረታቸውን ሕመም ቀሰቀሳቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሚ ለሆድ የሚሆን መድኃኒት ሰጧቸውና ሐኪማቸውን አስጠሩ። ሐኪሙም መጥቶ ሞርፊን ወጋቸው። በማለዳ ለጋዜጠኞች የተነገረው ፕሬዚዳንቱ ሆዳቸውን እንዳመማቸው ነው። የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚጽፈው መሣሪያ የቀረበላቸው በማግሥቱ ቀትር ካለፈ በኋላ ሲሆን፥ ነገሩ የልብ ደም ሥር መዘጋት መሆኑ የታወቀውም ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ የራሱ ሐኪም በደጁ የሚያድር፥ ጦር ሠራዊት ያዘዘ ሰው ይህን ያህል ሰዓት ከዘገየ፥ የእኛ ወይዘሮ በፌጦ ስለ ጀመሩ ማን ይወቅሳቸዋል?

ይልቁንም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አይዘንሃወር በሌሊት 9 ሰዓት ሐኪም ቤት ገብተው ቢሆን ኖሮ፥ የተዘጋውን ደም ሥር ሊከፍትላቸው የሚችል ሰው በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ አልነበረም። ያን ጊዜ ሕክምናው ማስታገሻ፥ ኦክሲጅን፥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትና ረዥም ዕረፍት ነበረ። ስለዚህ «ሲነጋ እናያለን» ማለት በአባቶቻችን ዘመን ሞኝነት አልነበረም፤ ሌሊቱም ቀኑም ለዚህ ሕመም ያው ነበረና። ሰዓቱ ዋጋ ያገኘው መክፈቻው ከተገኘ በኋላ ነው፤ ልማዳችን ግን ገና ከቀድሞው ዘመን ጋር ይኖራል።

መክፈቻው በሁለት መንገድ መጣ፤ አንደኛው በመርፌ፥ ሁለተኛው በቱቦ ነው።

የመርፌው ነገር አመጣጡ የሚገርም ነው። በ1933 ቲሌት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፥ ጕሮሮ የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሕዋስ የረጋ ደም የሚያሟሟ ነገር እንደሚያወጣ አገኘ። ይኸውም ኋላ ስትሬፕቶኪናዝ ተብሎ መድኃኒት ሆነ። ነገር ግን በልብ ደም ሥር ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም የሕመሙ ምክንያት ነው ወይስ ልብ ከሞተ በኋላ የሚመጣ ነው እያሉ ሊቃውንቱ ብዙ ዘመን ተከራከሩ። በ1980 ዲውድ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ፥ ሕመማቸው ከጀመረ ገና 4 ሰዓት ያልሞላቸውን 126 ሰዎች በራጅ መርምረው በ110 ላይ ደም ሥሩን ፈጽሞ ተዘግቶ አገኙት፤ ክርክሩም በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል። በ1986 የጣሊያን ሐኪሞች በ176 የልብ ሕሙማን ክፍሎች 11,806 ሰዎችን በሁለት ከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን ስትሬፕቶኪናዝ ሰጡ። በ21 ቀን ውስጥ መድኃኒቱን ካላገኙት ከመቶው 13፥ ካገኙት 10.7 ሞቱ። ይህ ልዩነት ለሚያነበው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት ዘንድ ሞት ወደ ግማሽ ቀረበ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ በመጡት ዘንድ ግን ጥቅሙ አልታየም። ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ጥቅሙ እስከ 12 ሰዓት እንደሚዘልቅ፥ ሰዓቱ በገፋ ቍጥር ግን እያነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። በ1988 ደግሞ 17,187 ሰዎች በገቡበት ሌላ ምርመራ፥ በየመድኃኒት መደብሩ የሚሸጠው አስፕሪን ከስትሬፕቶኪናዝ ጋር ሲሰጥ በ5 ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሚሞተው ከመቶው ከ13.2 ወደ 8 ወረደ። አስፕሪን ብቻውን ያመጣው ጥቅም ከስትሬፕቶኪናዝ እምብዛም አላነሰም።

የቱቦው ታሪክ ግን ከዚህ የበለጠ ሰው የሚያደንቀው ነው። በ1929 በጀርመን አገር በኤበርስቫልደ ከተማ ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ሐኪም፥ ቀጭን ቱቦ በክንድ ደም ሥር ወደ ልብ ሊገባ ይችላል ብሎ አሰበ። አለቃው ከለከለው። መሣሪያው በእጇ የነበረችው ነርስ በእኔ ላይ ይሞከር ብላ ፈቀደችለት፤ እርሱም በጠረጴዛ ላይ አስሮ አስተኛትና ዘወር ብሎ የገዛ ክንዱን ቈርጦ ቱቦውን በራሱ ደም ሥር ውስጥ ሰደደው። ከዚያም ቱቦው በውስጡ እንዳለ በእግሩ ሄዶ ወደ ራጅ ክፍል ወረደ፤ ጫፉም ልቡ ውስጥ መድረሱን በምስል አሳየ። ምስጋና ሳያገኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፥ በ1956 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው የሽንት ቧንቧ ሐኪም ሆኖ ይሠራ ነበር።

በ1964 በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ ቻርልስ ዶተር የተባለ ሐኪም፥ እግርዎ ይቈረጥ ሲባሉ እንቢ ያሉ የ82 ዓመት ባልቴት የእግራቸውን ደም ሥር ያለ ቀዶ ሕክምና በቱቦ አሰፋላቸው፤ ባልቴቲቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው በሁለት እግራቸው ሄዱ። ይህን ዐይቶ በስዊስ አገር በዙሪክ የሚሠራው አንድሬአስ ግሩንትሲግ፥ በቱቦው ጫፍ ትንሽ ፊኛ ቢደረግ ጠባቡን ቦታ ገፍቶ ይከፍታል ብሎ ተነሣ። ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልንነግር የምንወደው፥ ፊኛውን የሠራው በታላቅ ፋብሪካ ሳይሆን በቤቱ በማዕድ ቤት ገበታ ላይ፥ ባለቤቱና ረዳቱ እየረዱት መሆኑን ነው። እራት ከተነሣ በኋላ በዚያ ገበታ ላይ ፕላስቲክ ሲያቀልጡና ሲለጥፉ ያመሹ ነበር። በሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 የአንድ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ሥር፥ ሰውዬው ነቅቶ እያየ፥ በዚህ ፊኛ ተከፈተ። ግሩንትሲግ በ1985 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ያ ደም ሥር ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲመረመር ክፍት ሆኖ ተገኘ።

ይህ የመጀመሪያው ሰው ደም ሥሩ የጠበበበት እንጂ በድንገት የተዘጋበት አልነበረም። ፊኛው በድንገት ለተዘጋው ማገልገል የጀመረው በኋላ ነው። በ1986 በቱሉዝና በሎዛን ከተሞች፥ የተከፈተው ተመልሶ እንዳይጠብ ደግፎ የሚይዝ ስቴንት የሚባል ከብረት የተሠራ ጥቃቅን ወንፊት መሰል ቱቦ በሰው ልብ ደም ሥር ውስጥ ገባ። ዛሬ ሐኪሙ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ይገባል፤ የተዘጋውን ቦታ በራጅ አይቶ በቀጭን ሽቦ ያልፈዋል፤ ፊኛውን ነፍቶ ስቴንቱን ያኖራል። ብዙ ሕመምተኞች ደሙ ሲመለስ የደረታቸው ሸክም ወዲያው ሲቀላቸው ይሰማቸዋል። የደሙ መመለስ ራሱ የልብን ምት ለጊዜው የሚያውክበት ጊዜም አለና፥ ይህ ሥራ ያለ ጥበቃ አይሠራም።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ለሚል፥ በ2003 የ23 ምርመራዎች ውጤት ተደምሮ ሲታይ በመርፌ ከታከሙት ከመቶው 9፥ በቱቦ ከታከሙት 7 ሞተው ተገኝተዋል። መርፌው ደግሞ ከመቶ በአንድ ሰው ላይ ያህል በአንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ወይም ቀድሞ በአንጎሉ ደም ለፈሰሰበት አይሰጥም። ሆኖም ቱቦ የሚያስገቡ ባለሙያዎች በየከተማው የሚገኙ አይደሉም። ስለዚህ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፥ ሕመሙ ከታወቀ በኋላ በ120 ደቂቃ ውስጥ በቱቦ መክፈት ከተቻለ ይህ ይደረግ፤ ካልተቻለና የሚከለክል ነገር ከሌለ መርፌው በ10 ደቂቃ ውስጥ ይሰጥና ሕመምተኛው ቱቦ ወዳለበት ይላክ ይላል። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአቅራቢያው ያለው ሐኪም ቤት የልብን ምት የሚጽፈው መሣሪያና መርፌው ያለው እንደ ሆነ፥ ረዥሙን መንገድ ከመጀመር በፊት እዚያ መቆም ሳይበጅ አይቀርም። የትኛው ሐኪም ቤት ምን እንዳለው ደግሞ በጤና ጊዜ ጠይቆ ማወቅ የቤተ ሰብ ሥራ ነው፤ በዚያ ሌሊት የሚጠየቅ አይደለም።

ምልክቱን ባጭሩ እንናገር። በደረት መሐል የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ሕመም፥ ወደ ክንድ፥ ወደ መንጋጋ፥ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ላይኛው ሆድ የሚሄድ፥ ከቀዝቃዛ ላብ ጋር ሆኖ ዐርፎ ቁጭ ቢሉም የማይለቅ እንደ ሆነ ይህ ነው። ሴቶች፥ ሽማግሌዎችና የስኳር ሕመም ያለባቸው ግን ደረታቸውን ሳያማቸው የትንፋሽ ማጠር፥ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ሕመምተኛው ቁጭ ይበል፤ አይራመድ፥ መኪናም ራሱ አይንዳ። ሐኪም በስልክ ከተገኘ አስፕሪን ይታኘክ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ አስፕሪን ለማይስማማው ወይም ለሚደማ ሰው አይሰጥምና። ፌጦን አናቃልልም፤ የአያቶቻችን መድኃኒት ነው። ነገር ግን ፌጦው ሲወቀጥ መኪናው ይነሣ።

በዚህ ገጽ ላይ ደፍረን የምንናገረው ሌላ ነገር አለ። በትልቅ ሰው ቤት ታማሚው ራሱ ዳኛ ይሆናል። ቤቱ ሁሉ ትእዛዙን ለምዷልና፥ «ተውኝ» ሲል ይተዉታል፤ ልጆቹ ይፈሩታል፥ አሽከሩም ሳይጠራ አይገባም፥ ሚስቱም ሁለተኛ ብትናገር እንደ መድፈር ይቈጠርባታል። ድሀ ጎረቤቱ በዚያው ሌሊት በሰው ትከሻ ተሸክመውት ሐኪም ቤት ሲያደርሱት፥ ባለ መኪናው ንጋትን ሲጠብቅ እናያለን። ስለዚህ ወይዘሮ ሆይ፥ «አጥብቄ ብናገር ኖሮ» ያሉትን እንመልስልዎ። እርስዎ በሌሊት ትክክለኛውን ቃል ተናግረዋል፤ ያልሰማው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲያ የሄደው ሰዓት በአንድ ሰው ላይ የሚጫን አይደለም፤ እንግዳውም፥ ነውሩም፥ ልማዱም ተካፍለውታል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። በ2006 የታተመ አንድ ታላቅ ምርመራ ይህንኑ መርምሯል። ደም ሥራቸው ከተዘጋ ከ3 እስከ 28 ቀን የሆናቸው፥ ሕመሙም የረጋላቸው 2,166 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፥ የአንደኛው ወገን በስቴንት ሲከፈት የሌላው በመድኃኒት ብቻ ቆየ። በሞትም፥ ዳግመኛ በመታመምም፥ በልብ ድካምም መክፈቱ ጥቅም አልታየበትም፤ የደረቀው ማሳ ውሃው ቢመለስለትም አልለመለመም ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪማቸው ስለ መክፈት ካላነሡ ቸል ብለዋል አይበሉ። ነገር ግን ደረታቸው ዛሬም በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚያማቸው ከሆነ፥ ወይም ሌላኛው ደም ሥር ጠብቦ ከተገኘ፥ ፍርዱ ይለወጣልና ይጠይቁ። የታዘዘላቸውን አስፕሪን፥ ስብ የሚቀንሰውንና የልብን ሸክም የሚያቀሉትን መድኃኒቶች ደኅና ሆንሁ ብለው እንዳይተዉ ግን ይጠብቋቸው፤ በዚህስ ጊዜ አጥብቀው ይናገሩ።

ስለ ሥራቸው ለጠየቁን፥ አይዘንሃወር በሐኪም ቤት ሰባት ሳምንት ያህል ቆይተው በኖቬምበር 11 ቀን ወጡ፤ ሥራቸውንም ቀስ በቀስ እየያዙ በሚቀጥለው ዓመት ዳግመኛ ለፕሬዚዳንትነት ተመረጡ። የባለቤትዎ ልብ ምን ያህል ኀይል እንደ ቀረው በድምፅ ሞገድ ምስል የሚያሳይ ምርመራ አለና፥ መጀመሪያ ያ ይደረግላቸው። በሜዳ ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መራመድን ሐኪማቸው ከፈቀዱ ይልመዱት። ቢሮአቸው ፎቅ ላይ እንደ ሆነም ወደ ምድር ቤት እንዲዛወርላቸው ለአለቃቸው ማመልከት ነውር የለበትም። ማመልከቻውን ግን እርስዎ ራስዎ ቢጽፉት ይሻላል፤ እርሳቸው እንደማይጽፉት ከደብዳቤዎ ተረድተናል።